«ላብራቶሪ የለም» ለተባለችው የጅማ መምህርት

ውድ እኅታችን፣ በጅማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ እንደምታስተምሪ፣ በሁለተኛ ዲግሪሽ ከታች በሚሞቅ ፈሳሽ ውስጥ የሚነሣውን ተርቡለንት ኮንቬክሽን (ሙቀት የሚያስነሣውን የተመሰቃቀለ የፈሳሽ ዝውውር) ለማጥናት እንደምትሺ፣ የቀድሞ መምህርሽ ግን «ላብራቶሪ በሌለበት ይህ ቅንጦት ነው» እንዳሉሽ፣ ያሳደጉሽ አጎትሽም የቡና መጋዘናቸውን ሒሳብ እንድትይዢላቸው እንደሚፈልጉ፣ እንግሊዝኛሽና የሃያ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜሽም እንደሚያሳስቡሽ ጽፈሽልናል።

ከሁሉ የከነከነኝ የመምህርሽ ቃል ነው፤ ስንት መልካም ጥያቄ በዚህ ሰበብ ተዳፍኖ ሲቀር አይቻለሁና። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄንሪ ቤናር እ.ኤ.አ. በ1900 ያሳወቀው የኮንቬክሽን ሙከራ ከታች በሚሞቅ ስስ የፈሳሽ ንጣፍ ላይ የተሠራ ነበር (የእርሱን ንድፎች በዋናነት የፈጠረው የገጽታ ውጥረት መሆኑ ኋላ ተረጋግጧልና በጽሑፍሽ እንዳትዘነጊው)። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ በ1916 የኮንቬክሽንን ንድፈ ሐሳብ ያወጡት በሒሳብ ስሌት ነው፤ አሜሪካዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሎሬንዝም በ1963 ይህንኑ ኮንቬክሽን ወደ ሦስት እኩልታዎች አሳጥሮ፣ ዛሬ በእጅሽ ካለው ስልክ እጅግ ባነሰ ኮምፒውተር፣ ጥቃቅን የመነሻ ልዩነቶች የሩቅ ጊዜን ትንበያ እንደሚያፋልሱ አሳይቷል።

ሁሉም ይቻላል ብዬ ግን አላታልልሽም። ማሞቂያው እጅግ ሲበረታ ሙቀቱ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚተላለፍ ዛሬም የሚያከራክር ነው፤ ያ ጥያቄ ግዙፍ ኮምፒውተሮችን ይጠይቃልና ተዪው። ሽቅብ የሚገፋውን ኃይል ከፈሳሹ ዝልግልግነትና ከሙቀት ስርጭት ተቃውሞ ጋር የሚያነጻጽረው የሬይሊ ቁጥር፣ በሁለት ጠንካራ ሳሕኖች መካከል 1708 ገደማ ሲደርስ ፈሳሹ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ከዚያ ተነሥተሽ እስከ 1 ሚሊዮን ያለውን በሁለት አቅጣጫ ብቻ በሚሰላ ሞዴል፣ እንደ ኦፕንፎም ባለ ነጻ ሶፍትዌር፣ በደኅና ላፕቶፕ መከታተል ትችያለሽ። እንዲህ ያለ ስሌት የሚያውቅ ሰው ለአየር ትንበያም፣ ለሐይቅና ለግድብ ውኃ ጥናትም፣ ለቡና ማድረቂያ ዲዛይንም ይፈለጋል።

ስለዚህ ደመወዝሽን ሳትለቂ በክረምት መርሃ ግብር ተማሪ፤ እኔም ጠመኔ ሳልጥል ነው ሁለተኛ ዲግሪዬን የያዝኩት።

የአጎትሽ ውለታ ሊከፈል ይገባዋል፤ ሙያሽን በመተው ግን አይደለም። በየወሩ የምትሰጪያቸውን ቁርጥ መጠን ንገሪያቸው። አንቺን የፈለጉሽ ስለሚያምኑሽ ብቻ ከሆነ፣ ታማኝ የሒሳብ ባለሙያ በጅማ አይጠፋም።

እንግሊዝኛሽ በንባብ ይዳብራል፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመትም እርጅና አይደለም። ከመመዝገብሽ በፊት ግን በዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ክፍል የፈሳሽ እንቅስቃሴን በኮምፒውተር የሚያሰላ አማካሪ መኖሩን በአካል ሄደሽ አረጋግጪ፤ ከሌለ ርእስሽን ይዘሽ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ጠይቂ።