ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አያናግረኝም

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ባለቤቴ ወደ ዘጌ ገዳማት እንግዳ በጀልባ ያመላልስ ነበር። ሥራው ከቀዘቀዘ ወዲህ ሌሊት ተነስቶ ቅዱስ ጊዮርጊስ ይሄዳል። ረፋዱ ላይ ይመለስና ግድግዳ እያየ ይቀመጣል። የቤት ኪራይ ሳነሳበት «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ይዘጋኛል። እኔም መጸለይ አቃተኝ፤ ፈጣሪን ማማረር ጀምሬያለሁ። አማቴ «እምነትሽ ጎድሎ ነው» ይሉኛል። ተስፋ ከየት ላምጣ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከማማረርሽ እንጀምር፤ ከሁሉም እሱ የከበደሽ ይመስለኛል። ዳዊትም «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» ብሎ ጮኋል። ያ ጩኸት መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ነው ያለው፤ ዛሬም ይደገማል። ስለዚህ ጸሎት አቃተኝ ያልሽውን አልቀበልሽም። ረጅሙ እምቢ ካለሽ እንደዚያው እያማረርሽ ጸልዪ።

ባለቤትሽ ላይም ቸኩዬ አልፈርድም። ሥራ ያጣ ሰው ጠዋት የሚነሳበት ምክንያት ማግኘቱ እንደ ቀላል አይታይም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ከዚያ ሲመለስ ትንሽ ይቀለዋል? ይበላል? ልጆቹን ያጫውታል? ካልሆነ ቤተ ክርስቲያኑ መሸሸጊያም ሆኖለታል። የሚሸሸው ደግሞ አንቺን ላይሆን ይችላል። ቤቱን ማስተዳደር ያቃተው ወንድ፣ በተለይ በእኛ አገር፣ ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት ያሳፍረዋል። «ኪራይ» ስትዪው እሱ የሚሰማው «አንተ ምን ትረባለህ» ነው።

ኤልያስን አስቢ። እሳት ከሰማይ ያስወረደ ነቢይ ነው። ግን ኤልዛቤልን ሸሽቶ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና ሞቱን ለመነ። እምነትህ ጎደለ ያለው የለም። መልአኩ ቀስቅሶ ያበላው እንጎቻ ነው፤ ውኃም ነበረለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ እንደገና ቀስቅሶ አበላው። «እዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ኮሬብ ሲደርስ ነው። ብቻዬን ቀረሁ ሲልም ኤልሳዕ ተሰጠው። ቅደም ተከተሉን ልብ በይ። እኛ የሥነ ልቦና ሰዎች ይቺን ለመማር ስንት ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጠናል!

ስለዚህ የኪራዩን ነገር ገና ከበር ሲገባ አታንሺበት። እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ምሳ ተበልቶ ቡና ሲፈላ ይሻላል። ልጆቹ ውጭ ይጫወቱ። «ፈርቻለሁ። አንተም የፈራህ ይመስለኛል። ዛሬ ስለዚህ ወር ብቻ እናውራ» በይው። ስለ ዓመቱ ከጀመርሽ ተመልሶ ዝም ይላል። ወንጌሉም ለቀኑ ክፋቱ ይበቃዋል ነው የሚለው። ከዚያ ወረቀት አውጡ። እጃችሁ ላይ ያለውን፣ ዕዳውን፣ ሊያግዝ የሚችል ዘመድ ካለ እሱንም ጻፉ። አከራዩን አብራችሁ አነጋግሩ፤ አንቺን ብቻ አይላክሽ።

አሁንም «እግዚአብሔር ያውቃል» ካለሽ፣ «አዎ፣ እሱ ያውቃል። እኔ ግን አላውቅምና ንገረኝ» በይው። ሳትቆጪ።

ይህም ካልሠራ የንስሐ አባታችሁን ቤት ጥሪያቸው። ከአንቺ የማይሰማውን ከእሳቸው ይሰማል። ጉዳዩን ግን ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ አለዚያ ጸበል ረጭተው፣ ቡና ጠጥተው መሄዳቸው ነው።

እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ነገሩ ከጭንቀት ያለፈ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ይየው። «ብሞት ይሻላል» ካለ ደግሞ አትደሪ፤ በዚያው ቀን ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ውሰጂው፣ ብቻውንም አትተዪው። አማትሽ ጸበል ይበቃዋል ቢሉ አትከራከሪያቸው። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ይህን አስታውሻቸው። ወደ ጸበሉ አማትሽ ይውሰዱት፣ የሐኪም ቀጠሮው ቀን ግን አንቺ አብረሽው ሂጂ።