መልስ፦ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ መስቀልና ቀስት የጠፋ ማዕድን ያመለክታል?

ሰላም፣ አሪዞና ውስጥ ያዩት መስቀልና ቀስት የስፔኖች የወርቅ ጉድጓድ ምልክት ይሆን ወይ ብለው ጠይቀዋል። መስቀል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የመንገድ፣ የወሰን ወይም የጸሎት ምልክት ሊሆን ይችላል። ኒው ሜክሲኮ፣ ኤል ሞሮ በተባለው ዐለት ላይ ያለው፣ የስፔናዊው አሳሽ የኦኛቴ ጽሑፍም (እ.ኤ.አ. 1605) የሚናገረው በዚያ ማለፉን ነው።

መጀመሪያ ዕድሜውን ይመርምሩ። ፀሐይ ዝቅ ስትል፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ፎቶ ያንሱ። የበረሃ ድንጋይ ገጽ በዘመናት ብዛት ይጠቁራል፤ ስለዚህ የጭረቱ ውስጥ ከዙሪያው በጣም ከነጣ ቅርጹ የቅርብ ጊዜ ሥራ ሳይሆን አይቀርም። እባክዎ ጠመኔ አይቀቡበት፤ ይህን ማስረጃ ያበላሻል።

ቁጥር ካለው በሜትር አያስቡት፤ ስፔኖች ርቀት የሚለኩት በቫራና በሌጓ ነበር። አንድ ቫራ ወደ 84 ሴንቲሜትር ነው። ሌጓ ግን አንዳንዴ 4.2፣ አንዳንዴ 5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለነበር፣ በሦስት ሌጓ ብቻ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ሊስቱ ይችላሉ።

ከቅርጹ ይልቅ የማምነው መሬቱን ነው፦ የተከመረ የማዕድን ፍርስራሽ፣ በቅሎ እየጎተተች ማዕድን የሚፈጭበት ክብ የድንጋይ ንጣፍ፣ በአቅራቢያው ውኃ። እነዚህ ከሌሉ ቀስቱን አይከተሉ። በፌዴራል መሬት ላይ ከሆነ ደግሞ አይቆፍሩ፤ እ.ኤ.አ. የ1979ኙ የአሜሪካ የአርኪዮሎጂ ቅርስ ጥበቃ ሕግ 100 ዓመት የሞላቸውን ቅርሶች ይጠብቃል።