ቦቲህን ይዘህ ሂድ

ጥያቄ፦ ሁለቱን እግሮቼን ከጉልበት በታች፣ ቀኝ እጄን ደግሞ ከክርን በታች አጥቻለሁ። መንዝ ውስጥ በግ አረባለሁ፤ ውሎዬ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ምን ዓይነት ሰው ሠራሽ እግርና እጅ ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም ደብረ ብርሃን ላይ ስንቱን ክረምት በሁለት ሰው ሠራሽ እግር ተሻግሬዋለሁ። ዋናው ሶኬቱ ነው፤ እግርህ የሚገባበት ክፍል ማለቴ ነው። እሱ ካቆሰለህ፣ ምርጥ የተባለው እግርም ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል። ስትውል የቀረው እግርህ ትንሽ እየቀነሰ ስለሚሄድ ትርፍ ካልሲ ከኪስህ አይጥፋ። ሶኬቱ ሲላላብህ በቀረው እግርህ ላይ ደርብ።

ለልኬት ስትሄድ የዘወትር ቦቲህን ያዝ። እግሩ የሚስተካከለው በጫማህ ተረከዝ ከፍታ ነው። እኔ አንዴ ለሠርግ ብዬ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ አደረግኩና ሙሽራው ፊት በግንባሬ ተደፋሁ።

በባትሪ የሚሠራው እጅ ያምራል፤ ግን ቻርጅ ይፈልጋል፣ ጭቃና ውሃም አይወድም። ለበረት ሥራ በትከሻህ እየሳብክ የምትከፍተው ባለ ሽቦ መንጠቆ ይሻልሃል። አንድ ነገር ግን እዚያው ልኬቱ ቦታ ሞክር፦ እግሮቹን በግራ እጅህ ብቻ ማጥለቅ ትችላለህ? ካልቻልክ ማሠሪያውን ይቀይሩልህ። ሌሊት በረቱን የሚዞር ጅብ መንጠቆህን እስክታጠልቅ አይጠብቅህም።