የእናቴ ግቢ በባለካሬ ወረቀት ላይ

ውድ ልጆቼ፣

ከ30 ዓመት በላይ በስታቲስቲክስ ሥራ ቆይቼ፣ ጡረታ ስወጣ ወደ ተወለድኩበት ደብረ ብርሃን ተመልሻለሁ። አንዳንዶቻችሁ ቤቴ ድረስ መጥታችሁ፣ በደርግ ጊዜ የተወረሰውን ቤትና መሬት በግራፍና በካርታ ማሳየት እንደምትፈልጉ ነግራችሁኛል። በጣም ደስ ብሎኛል። ያን ጊዜ በዓይናቸው ያዩት ሰዎች ግን እያለፉ ነው። ቶሎ በሉ።

መጀመሪያ ስለ ዘመን ልንገራችሁ። ዋና ዋናዎቹ አዋጆች የወጡት በአንድ ዓመት፣ በ1967 ነው። ባንክና ኢንሹራንስ ታኅሣሥ 23፣ ፋብሪካዎችና የንግድ ድርጅቶች ጥር 26፣ የገጠር መሬት የካቲት 25፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ ሐምሌ 19። ግራፉን በዓመት ከሠራችሁት ሁሉም አንድ ዘንግ ላይ ይከመራል። በወር ከሠራችሁት ግን ሰባት ወር ባልሞላ ጊዜ ምን ያህል ነገር እንደተደራረበ ይታያል። የፈረንጅ ሰነድ ደግሞ ይህንኑ ዓመት 1975 ይለዋል። ሁለቱን አቆጣጠር ካደባለቃችሁ ቤቱ ከተወረሰ ከ8 ዓመት በኋላ አዋጁ ወጣ የሚል ሥዕል ይወጣላችኋል።

ከዚህ የሚከብደው ምን እንቁጠር የሚለው ነው።

እናቴ በግቢዋ ሦስት የኪራይ ክፍሎች ነበሯት። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገችን በእነሱ ነው። የአንዱ ክፍል ኪራይ በወር 8 ብር ነበር። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ነበራት፤ ቁጥሩን የምጽፍላት እኔ ነበርኩ። የመጨረሻው ጽሑፌ የሐምሌ 1967 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ገጽ ሁሉ ባዶ ነው።

አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ስለሚፈቅድ ዋናው ቤት ቀረላት። ሦስቱ ክፍሎች የቀበሌ ቤት ሆኑ። ተከራዮቹ ግን እዚያው ቆዩ። ከእነሱ አንዷ ጠላ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ነበረች። ኪራይዋ በግማሽ ተቀንሶላት 4 ብር መክፈል ጀመረች። በተረፋት ብር ለትልቁ ልጇ ጫማ ገዛችለት። ጫማውን አስታውሰዋለሁ፤ ቡናማ ላስቲክ ነበር። እናቴ በዚያው መስከረም የእኔን አልገዛችም። ሁለቱ ሴቶች በአንድ በር እየወጡ እየገቡ ቡና መጠራራት አቆሙ። የታረቁት በዓመቱ ነው።

ይህ ሁሉ በቅጽ ላይ ሲሰፍር «የተወረሰ ቤት ብዛት፦ 3» ይሆናል። በካርታችሁ ላይም አንድ ነጥብ ብቻ ይሆናል። ልጆቼ፣ እዚያ ላይ አታቁሙ።

እኔ በባለካሬ ወረቀት የሠራሁትን ላሳያችሁ። እያንዳንዱ ክፍል አንድ አግድም መስመር አለው። የመስመሩ ቀለም ማን እንደኖረበት፣ ውፍረቱ ስንት ብር እንደተከፈለበት ያሳያል። ሐምሌ 1967 ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር አሰመርኩ። ከሥር የእናቴን የኪራይ ገቢ አደረግሁ፤ ከ24 ብር ወደ ዜሮ። ከእሱ ጎን የተከራይዋን ወጪ፤ ከ8 ወደ 4። የከፋትም የቀለላትም በአንድ ወረቀት ላይ ሲታዩ ነው ሥዕሉ እውነት የሚሆነው። አንዷን ብቻ ከሣላችሁ ሌላዋን በድላችኋል።

ወደ መንዝ ስትወጡ ጥያቄያችሁን ቀይሩ። መንዝ እንደ ደቡቡ የጭሰኛ አገር አልነበረም፤ ብዙው ገበሬ ርስተኛ ነበር። «ባለመሬትና ጭሰኛ» የሚለውን ሰንጠረዥ እንዳለ ወስዳችሁ እዚያ አትዘርጉ። ጓሳን፣ የመንዝን የጋራ የሣር ምድር፣ ውሰዱ። ሣሩ ለዘመናት ቄሮ በሚባል የአገሩ ባህላዊ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ሕዝቡ የመረጣቸው አለቆች ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጉታል፣ ሲደርስ ለቤት ክዳኑ፣ ለገመዱ ይከፍቱታል። የመሬት አዋጁ ሲመጣ ይህ ሥርዓት ፈረሰ። የጓሳን ወሰን ብቻ በካርታ ብታሳዩ ይህን ማን ያውቀዋል? ሣሩ ተዘግቶ የቆየባቸውን ዓመታት ጠይቁ። ክዳን ፍለጋ የስንት ሰዓት መንገድ ይኬድ እንደነበር ጠይቁ። አዛውንቶች ቀን አይነግሯችሁም፤ «ንጉሡ በወረዱ በዓመቱ»፣ «ዘማቾቹ የመጡ ጊዜ» ይሏችኋል። እሱኑ በቃላቸው ጻፉት፣ ወደ ዓመተ ምሕረት የምትመልሱት ኋላ ነው።

አደራ የምላችሁ ሌላም ነገር አለ። በእኛ ከተማ ሰው ይተዋወቃል። ስም ባትጽፉ እንኳ ነጥቧ ቤቱን ትናገራለች። ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ ትክክለኛውን ቦታ አታሳዩ።

ያላገኛችሁትን ደግሞ ዜሮ አታድርጉት። በእኔ ወረቀት ላይ ሦስተኛው ክፍል ከ1970 እስከ 1973 ነጭ ነው። ሰው ኖሮበታል፤ ማን እንደሆነ ግን ደብተሩም እኔም አልያዝነውም። ባለፈው ሳምንት አንዲት የሰፈር እናት «የፖሊስ ቤተሰብ ነበሩበት፣ ሴት ልጃቸው አሁን ደብረ ሲና ናት» አሉኝ። ቅዳሜ ሄጄ እጠይቃታለሁ።