ስለ ካናዳ ሊ ጠይቁኝ፦ ከቦክስ ሪንግ ወደ ፊልም የገባው ሰው

ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ቦክሰኛ ሆነው ተዋናይ ስለሆኑ ሰዎች ስናወራ ካናዳ ሊን ሳነሳ ግማሹ ሰው "ማነው ደሞ እሱ" ስላለ ዛሬ ማታ ጥያቄ ክፍት ነው፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁ፣ እንቅልፌ እስኪመጣ እመልሳለሁ። ለማያውቀው ባጭሩ፦ በ1907 ኒውዮርክ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ ቦክሰኛ ነበር፣ ያንድ ዓይኑን ብርሃን ሪንግ ውስጥ አጣ፣ ከዛ ቲያትርና ፊልም ውስጥ ትልቅ ሰው ሆኖ በ1952 በ45 ዓመቱ ሞተ። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ካናዳዊ ነው እንዴ?

መልስ፦ ኧረ በፍፁም። ሙሉ ስሙ ሊዮናርድ ሊዮኔል ኮርኔሊየስ ካኔጋታ ነው፣ ዘሩ ከካሪቢያን ከሴንት ክሮይ ደሴት ነው። ሊ ቅፅል ስሙ ነበር። ጆ ሃምፍሪስ የሚባል በዘመኑ ስመ ጥር የሪንግ አስተዋዋቂ "ካኔጋታ ሊ" የሚለውን መጥራት አቃተውና "ካናዳ ሊ" ብሎት አረፈ፣ እሱም ወዶት በዛው ቀረ።

ጥያቄ፦ ቫዮሊን ይጫወት ነበር ሲባል ሰምቻለሁ፣ ቫዮሊንና ቡጢ እንዴት ነው ሚገናኙት ብሮ?

መልስ፦ እውነት ነው። በ7 ዓመቱ ነው የጀመረው፣ ሃርለም፣ የኒውዮርክ የጥቁሮች ሰፈር ነው፣ እዛ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ በደንብ ተምሮ ልጅ ሆኖ መድረክ ላይ ሁሉ ተጫውቷል። በ14 ዓመቱ ግን ከቤት ጠፍቶ ሳራቶጋ ሄደ፣ የፈረስ ውድድር ከተማ ናት፣ እዛ ጆኪ፣ ማለት የውድድር ፈረስ ጋላቢ፣ ሆነ። ጆኪ ደሞ ትንሽና ቀላል መሆን አለበት፣ ልጁ እያደገ ሲሄድ ኪሎው አላስኬድ አለውና ስራው በዛው አበቃ። ኒውዮርክ ሲመለስ ነው ወደ ቦክስ ያዘነበለው። እኔ ሁሌ ሚገርመኝ ሰውየው ሀያ ዓመት ሳይሞላው ሶስተኛ ህይወቱን ጀምሯል፣ የምናወራው ደሞ ገና ስላልጀመረው አራተኛው ነው።

ጥያቄ፦ ግን የእውነት ጎበዝ ቦክሰኛ ነበር ወይስ ተዋናይ ከሆነ በኋላ ነው ያጋነኑት?

መልስ፦ ጎበዝ ነበር። በአማተር ወደ መቶ ከሚጠጉ ግጥሚያዎች አብዛኛውን አሸንፏል፣ ፕሮፌሽናል የሆነው በ1920ዎቹ አጋማሽ ነው፣ በ1930 አካባቢ በዌልተር ዌይት ለዓለም ሻምፒዮና ከሚታጩት አንዱ ነበር። ዌልተር ማለት በኛ 66.7 ኪሎ አካባቢ ነው። ቀበቶ ግን አላገኘም፣ ለዋንጫም አልተጋጠመም፣ ስለዚህ "የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን" ብሎ የሚፅፍ ካያችሁ ዝለሉት።

ጥያቄ፦ ዓይኑን ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ አንዲ ዲቮዲ ከሚባል ቦክሰኛ ጋር ሲጋጠም በተመታው ምት ሬቲናው ተላቀቀ። ሬቲና ማለት ከዓይን ኋላ ያለች ብርሃን የምትቀበል ስስ ሽፋን ነች፣ ቶሎ ካልተያዘች ዓይን ይጠፋል፣ ቦክሰኞች ላይ ዛሬም የሚደርስ ጉዳት ነው። እሱ ግን ወዲያው አላቆመም፣ እስከ 1933 ቀጠለ! ባንድ ዓይን ስትጋጠም ርቀት መለካት ያቅትሃል፣ ቡጢው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደቀረው አታውቅም፣ ባልታየህ በኩል የሚመጣውማ ተወው። ሲያቆም ባዶ እጁን ነበር። በቦክስ 90 ሺህ ዶላር ገደማ እንዳገኘ ይገመታል፣ በዛ ዘመን ሀብት ነው፣ እሱ ራሱ በትኜ ጨረስኩት ነው የሚለው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቲያትር ውስጥ እንዴት ገባ? ሰው ነበረው?

መልስ፦ ማንም አልነበረውም። መጀመሪያ የጃዝ ባንድ አቋቁሞ ናይት ክለብ ሞክሮ አልሆነም። የኢኮኖሚ ድቀቱ ጊዜ ነው፣ ስራ የለም፣ በ1934 ሃርለም ያለው ዋይኤምሲኤ (የወጣቶች ማህበር ነው) ጋ የጉልበት ስራ ፍለጋ ሄደ፣ እዛው ህንፃ ውስጥ ኦዲሽን እየተካሄደ ነበር፣ ገብቶ ሲያይ ሚና ተሰጠው። ወሬው ሁሌ እዚህ ጋ "እድለኛ ነው" ተብሎ ያልፋል፣ እኔ አልስማማም። በሩ የተከፈተለት በአጋጣሚ ነው እሺ፣ ውስጥ ያቆየው ግን መድረክ ላይ ሰውነቱን ማዘዝ መቻሉ ነው፣ ሌላው ተዋናይ ሲናገር ዝም ብሎ ተራውን አይጠብቅም፣ ያዳምጠዋል፣ እንደ ተጋጣሚ ያየዋል። ይሄን ከሪንግ ነው ያመጣው።

ጥያቄ፦ ኦርሰን ዌልስ ነው ያገኘው ይባላል?

መልስ፦ ያገኘው ሳይሆን ያሳደገው በሉት። በ1936 ዌልስ፣ ኋላ ስመ ጥር የፊልም ዳይሬክተር የሆነው፣ ገና የ20 ዓመት ልጅ ሆኖ ሃርለም ላፋየት ቲያትር የሼክስፒርን ማክቤዝ በጥቁር ተዋናዮች ብቻ አዘጋጀ፣ ቦታውን ከስኮትላንድ አንስቶ ሄይቲን ወደሚመስል ደሴት ወስዶ፣ ጠንቋዮቹን የቩዱ፣ የሄይቲ አምልኮ ነው፣ አድርጎ። ሊ የማክቤዝን ጓደኛ ባንኮን ሆኖ ሰራ። መክፈቻው ቀን ሚያዝያ 14 ነበር፣ መንገዱ በሰው ተዘጋ። የዛን ጊዜ አንድ ሰው ምላጭ ይዞ ዌልስን ሊወጋው ሲል ያስጣለው ሊ ነው እየተባለ ሲተረክ ኖሯል፣ ቦክሰኛ ጓደኛ ይስጣችሁ 😄

በ1941 ደሞ እዛው ዌልስ ጋር ኔቲቭ ሰን የሚባል ቲያትር ላይ ቢገር ቶማስን ሆኖ ብሮድዌይ፣ የኒውዮርክ ትልልቅ ቲያትሮች ያሉበት፣ ላይ ቆመ። ከሪቻርድ ራይት መፅሐፍ ነው የተወሰደው፣ ቺካጎ ውስጥ በድህነትና በፍርሃት ተወጥሮ ሰው የሚገድል ወጣት ነው ገፀ ባህሪው፣ ተመልካች እንዲወደው ተብሎ የተፃፈ አይደለም። ስሙ በአሜሪካ የናኘው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ከኛ አገር ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ ወይስ ዝም ብለን ነው?

መልስ፦ እሱን በግሉ የሚያገናኘው የማውቀው የለም፣ ስለዚህ አልፈጥርላችሁም። የሰራበት ቤት ግን አለው። ማክቤዝን ያሰራው ፌደራል ቲያትር ፕሮጀክት የሚባል የመንግስት ፕሮግራም ነው፣ ይሄው ፕሮግራም እዛው 1936 ጥር ላይ "ኢትዮጵያ" የሚል ስለ ጣልያን ወረራ የሚያሳይ ትርኢት አዘጋጅቶ ነበር፣ ጃንሆይም ሙሶሊኒም ገፀ ባህሪ ሆነው። ዋይት ሃውስ የውጭ አገር መሪ መድረክ ላይ አይወከልም አለና ለህዝብ ሳይታይ ቀረ፣ የኒውዮርኩ ሃላፊ ኤልመር ራይስም ተናዶ ስራውን ለቀቀ። ከሱ በፊት ደሞ ሰኔ 1935 ጥቁሩ አሜሪካዊ ቦክሰኛ ጆ ሉዊስ ያንን ግዙፍ ጣልያን ፕሪሞ ካርኔራን ያንኪ ስታዲየም ላይ በስድስተኛው ዙር ሲዘርረው የሃርለም ሰው እንደ ኢትዮጵያ ድል ነበር ያየው፣ ወረራው የመጣው ከሶስት ወር በኋላ ነው። ሊ የኖረበት ሰፈር አየሩ ይሄ ነበር።

ጥያቄ፦ ላይፍቦትን አይቼዋለሁ፣ ግን እሱ እዛ አስተናጋጅ ነው፣ ብዙም አያወራም። ምኑ ነው ሚደነቀው?

መልስ፦ ትክክል ነህ፣ ሚናው ትንሽ ነው፣ ቅሬታው ያኔም ነበር። የዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ ፊልም ነው፣ 1944፣ መርከባቸው በጀርመን ቶርፔዶ የሰመጠችባቸው ሰዎች ባንዲት ጀልባ ላይ ናቸው፣ ሊ ጆ የሚባለው የመርከቡ አስተናጋጅ ነው። የመጀመሪያውን ታሪክ የፃፈው ጆን ስታይንቤክ ራሱ "እኔ የፃፍኩት ጥቁር ሰው ክብር ያለው ነበር፣ እናንተ የተለመደውን የቀልድ ጥቁር አደረጋችሁት" በሚል መንፈስ ለስቱዲዮው ፅፎ ስሜን አንሱልኝ ብሎ ነበር። ሊም በበኩሉ የአሽከር ንግግሮቹን ለመቀነስ ታግሏል።

ግን እስቲ ሁለት ቦታ እንደገና እየው። ጀልባቸው ላይ የወጣውን ጀርመናዊ ምን እናድርገው ብለው ድምፅ ሲሰጡ አስተናጋጁን ጆን ሲጠይቁት እኔም ድምፅ አለኝ እንዴ ዓይነት ነገር ይልና ከነገሩ ይወጣል። ፊቱ ላይ ምሬትም ፌዝም የለም፣ እውነት የገረመው ሰው ነው፣ ለዛ ነው የሚያምህ። ኋላ ደሞ ሁሉም ተረባርበው ጀርመናዊውን ሲገድሉት እሱ አይገባበትም። በዛች ጀልባ ላይ መምታትን ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው ነው እኮ እጁን የሰበሰበው!

ጥያቄ፦ አንድ ፊልሙን ብቻ ልይ ካልኩ የቱን?

መልስ፦ ቦዲ ኤንድ ሶል፣ 1947። ሳታስብ። ጆን ጋርፊልድ ቻርሊ የሚባል ቦክሰኛ ነው፣ ሊ ቤን ቻፕሊን የሚባል ሻምፒዮን። ቤን ከቀድሞ ግጥሚያ ጭንቅላቱ ውስጥ የረጋ ደም አለ፣ የቦክሱ ማፊያ ግን ከቻርሊ ጋር ያጋጥሙታል፣ ለቤን ወገን ቻርሊ ቀስ ብሎ ይጫወትልሃል ይሉታል፣ ለቻርሊ ግን አይነግሩትም። ቻርሊ ቀጥቅጦ ይጥለዋል። በኋላ ሲያውቅ ቤንን አሰልጣኝ አድርጎ ይይዘዋል።

የሞቱ ትእይንት ላይ ትንሽ ልቆይ። ልምምድ ካምፕ ውስጥ ነው፣ ውጪ የተተከለ ሪንግ አለ፣ ማፊያው ከዚህ ሂድ ይለዋል፣ እሱ አልሄድም ይላል። ከዛ ብቻውን ሪንጉ ውስጥ ይገባና አየሩን መምታት ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ ምቶቹ የቦክሰኛ ናቸው፣ እግሩና ትከሻው አብረው ይሄዳሉ፣ ከዛ ቀስ በቀስ እጁና እግሩ መተማመን ያቆማሉ፣ ሚዛኑ ይዛነፋል፣ ይወድቃል። ተራ ተዋናይ ቢሆን ከመጀመሪያው ነበር የሚንገዳገደው፣ እሱ ግን ትክክለኛውን አሳይቶህ ነው የሚያፈርሰው። ትክክለኛውን ካላወቅክ ማፍረስ አትችልም። አንድ ዓይኑን ባጠፋበት ሙያ የሚሞት ሰው ሆኖ ነው የሚጫወተው፣ አንዲት ቦታ ግን እዘኑልኝ ሲል አታየውም።

በነገራችን ላይ የግጥሚያዎቹን ቀረፃ ልብ በሉ፣ የካሜራ ባለሙያው ጄምስ ዎንግ ሃው ሮለር ስኬት አድርጎ ካሜራ በእጁ ይዞ ሪንግ ውስጥ እየተገፋ ነው የቀረፀው። ፊልሙ በኤዲቲንግ ኦስካር አግኝቷል።

ጥያቄ፦ እኔ ቦክስ እሰራለሁ፣ ፊልም ላይ ፋይት ብሰራ ቶሎ የምችለው ይመስለኛል። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ ይከብድሃል። አሰልጣኝህ ቡጢህን አታሳውቅ፣ አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን እያለ ነው ያሳደገህ አይደል፣ ካሜራ ደሞ ተቃራኒውን ነው የሚፈልገው፣ ሰፊ ሆኖ ከሩቅ የሚታይ ምት። በዛ ላይ መሳት አለብህ፣ ቡጢህ ፊቱ ሳይደርስ ያልፋል፣ ካሜራው በሰውዬው ጀርባ በኩል ሆኖ ክፍተቱን ይደብቃል፣ ቡጢውን እውነት የሚያስመስለው ሰንዛሪው ሳይሆን የሚቀበለው ሰው አንገት ነው። ስለዚህ መመታትን ተለማመድ፣ ምላሽ መስጠትን። ካናዳ ሊን ደሞ እወቅ፣ ትልልቅ ሚናዎቹ አብዛኞቹ ቦክስ የሌለባቸው ናቸው፣ ሼክስፒር ሰርቷል፣ በ1946 ዘ ደቸስ ኦፍ ማልፊ የሚባል ቲያትር ላይ ፊቱን ነጭ ተቀብቶ የነጭ ገፀ ባህሪ ሁሉ ሰርቷል። ንባብ ላይ በርታ።

ጥያቄ፦ ኮሚኒስት ነው ተብሎ ነው ስራ ያጣው?

መልስ፦ አዎ፣ በ1949 ጁዲት ኮፕሎን የምትባል የፍትህ ሚኒስቴር ሰራተኛ በስለላ ስትከሰስ ፍርድ ቤት የቀረቡ የኤፍቢአይ ወረቀቶች ላይ የአርቲስቶች ስም ወጣ፣ የሱም አለበት። እሱ ኮሚኒስት አይደለሁም ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ጥፋቱ ምንድነው ካላችሁ የዘር መድልዎን በየመድረኩ መቃወሙ ነው፣ ሰራዊቱ ውስጥ ያለውን መለያየት፣ ያለ ፍርድ መስቀልን። ከዛ በኋላ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ተዘጋበት፣ ስፖንሰሮች አንፈልገውም አሉ። ደብዳቤ አይፅፉልህም፣ ስልክ አይደወልም በቃ። እዚህ ጋ እኔ እናደዳለሁ፣ ቦክስ አንድ ዓይን ወስዶበታል፣ ይሄ ግን ሙሉ ሰውየውን ነው የወሰደው።

ጥያቄ፦ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ነበር አይደል?

መልስ፦ አዎ፣ አሜሪካ ስራ ሲነፈገው ዳይሬክተሩ ዞልታን ኮርዳ ክራይ ዘ ቢላቭድ ካንትሪ የሚባል ፊልም ላይ መሪ ተዋናይ አደረገው። ልጁን ፍለጋ ጆሃንስበርግ የሚሄድ የገጠር ቄስ ነው፣ ልጁ ሰው ገድሎ ያገኘዋል። ቀረፃው እዛው ደቡብ አፍሪካ ነው፣ አፓርታይድ ከተጀመረ ብዙም አልቆየ፣ እሱና ወጣቱ ሲድኒ ፖይቲየር ለመግባት የኮርዳ ኮንትራት ጉልበት ሰራተኞች ተብለው ነው የተመዘገቡት። አስቡት፣ የፊልሙ መሪ ተዋናይ በወረቀት አሽከር ነው። ደም ግፊቱም እያስቸገረው ነበር። ግንቦት 9 ቀን 1952 ሞተ፣ ቦዲ ኤንድ ሶል ላይ አብሮት የሰራው ጆን ጋርፊልድም፣ እሱንም እንደዛው ሲያሳድዱት ነበር፣ በ12 ቀን ልዩነት በ39 ዓመቱ ሞተ።

ጥያቄ፦ ሌላስ እንዲህ ዓይነት ማን አለ?

መልስ፦ ቪክቶር ማክላግለን፣ በ1909 ከጃክ ጆንሰን ጋር የኤግዚቢሽን ግጥሚያ ያደረገ ሰው ነው፣ ኋላ ዘ ኢንፎርመር በሚለው ፊልም የምርጥ ተዋናይ ኦስካር ወሰደ። ቦክሰኞቹ ካርኔራና ማክስ ቤርም ፊልም ሰርተዋል። ሚኪ ሩርክ በግልባጩ ነው፣ ታዋቂ ተዋናይ ሆኖ በ1991 ፕሮፌሽናል ቦክስ ገባ፣ ፊቱን አስመትቶ ተመለሰ።

ጥያቄ፦ ልጅ የለውም?

መልስ፦ አለው፣ ካርል ሊ፣ እሱም ተዋናይ ነበር። ሱፐር ፍላይ የሚለውን የ1972 ፊልም ያየ ሰው ኤዲን ያስታውሰዋል፣ እሱ ነው።