ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ጉልበት ውስጥ የሚወጋው መርፌ አጥንት ይበላል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጅማ ነው። እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ካመማት ቆየ። ስኳርም አለባትና ኪኒን ትወስዳለች። ላለፉት አምስት ወራት ሰፈራችን ያለ መድኃኒት ቤት በየሦስት ሳምንቱ መቀመጫዋ ላይ ነጭ፣ ወተት የመሰለ መርፌ ሲወጋት ነበር። ስትወጋ ደህና ትሆናለች፤ አንዴ እንዲያውም ጂረን ድረስ በእግሯ ወጥታለች። ፊቷም ሞላ ብሏል። አሁን ሐኪም አይቷት ጉልበቷ ውስጥ ኮርቲዞን ትወጋ አለ። ጎረቤቶች «አጥንት ይበላል፣ አንዴ ከተጀመረ መተው የለም» እያሉ አስፈሩን። ዋጋው ስንት ነው? ጉዳቱስ?

መልስ፦ የጠየቁኝ ዋጋና ጉዳት ነው። እንቅልፍ የነሳዎት ግን «እናቴን እኔው አስወግቼ ሽባ አደርጋት ይሆን?» የሚለው ይመስለኛል። አያደርጓቸውም። ጉልበት ውስጥ በንጽሕና የተሰጠ አንድ መርፌ እናትዎን አልጋ ላይ አያውልም።

ሐኪሙ ኮርቲዞን ያለው ትራያምሲኖሎን ወይም ሜቲልፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ፣ ማለትም እብጠትና ሕመም የሚያበርድ መድኃኒት ነው። ለጉልበት ብዙ ጊዜ 40 ሚሊግራም ይሰጣል። በጥቂት ቀናት ሕመሙን ያበርዳል፤ እፎይታው ለሳምንታት፣ ሲበዛ ለሦስት ወር ገደማ ይቆያል። የተጎዳውን ጉልበት ግን አያድንም።

«አጥንት ይበላል» የሚለው ወሬ ከምንም አልተነሳም። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት 40 ሚሊግራም ትራያምሲኖሎን በየሦስት ወሩ ለሁለት ዓመት የተወጉ ሰዎችን ተከታትሏል። የአጥንታቸው ጫፍ ለስላሳ ሽፋን ጨው ውኃ ከተወጉት ይበልጥ ሳስቶ ተገኘ። ሕመማቸውም ከእነሱ የተሻለ አልነበረም። ለዚህ ነው በአንድ ጉልበት ላይ ቢያንስ ሦስት ወር የምናራርቀው። ጉዳቱ ያለው መደጋገሙ ላይ ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ያኛው መርፌ ነው። ስሙን የማታውቁት መድኃኒት፣ አምስት ወር ሙሉ፣ ስኳር ላለባቸው እናት! ማን አዘዘው? የተለመደው የሕመም ማስታገሻ ዲክሎፌናክ ቢሆን ጠራ ያለ ነው። ወተት የመሰለ፣ ሕመም ያጠፋ፣ ፊት ያሞላ ከሆነ ለረጅም ጊዜ የሚሠራ ስቴሮይድ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ፊታቸው የሞላው ስለተስማማቸው አይደለም። መድኃኒቱ ነው ያሳበጠው።

ሰውነታችን ኮርቲዞል የሚባል የራሱ ስቴሮይድ አለው። ከኩላሊት በላይ ያሉ ሁለት ትናንሽ እጢዎች ያመርቱታል። ከውጭ በመርፌ ደጋግሞ ሲገባ እጢዎቹ ሥራቸውን ይተዋሉ። መርፌው ሲቆም ወዲያው አይነቁም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅባቸዋል። በዚህ መሃል ወባ ወይም ከባድ ተቅማጥ ቢይዛቸው፣ ወይም ወድቀው ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልጋቸው፣ ሰውነታቸው የሚፈልገውን ኮርቲዞል አያገኝም።

ስለዚህ ምልክቱን ይያዙልኝ። ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ከመኝታ ሲነሱ ዓይን መጨለም፣ መዝለፍለፍ፣ መዘባረቅ፣ የስኳር መጠን ያለወትሮው መውረድ። ይህን ካያችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። በባጃጅም ቢሆን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል አድርሷቸው። መጀመሪያ የምትናገሩትም «አምስት ወር ስቴሮይድ ሳትወጋ አልቀረችም» የሚለውን ነው። ይህን ያልሰማ ሐኪም ጨጓራ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። የጎደለውን ኮርቲዞል የሚተካው ሃይድሮኮርቲዞን በጊዜ ከተሰጣቸው ግን ቶሎ ያገግማሉ። ይህንኑ ለጥርስ ሐኪም ሳይቀር ንገሩ።

ጎረቤቶች «መተው የለም» ያሉት ስሕተት ነው። ይተዋል። ግን ሐኪም እያየ ነው የሚተወው። እጢዎቹ መንቃታቸውን ለማወቅ ጠዋት ላይ ኮርቲዞልን በደም መለካት ይቻላል። ጉልበታቸው ውስጥ ከመወጋታቸው በፊትም ያዘዘላቸው ሐኪም የመቀመጫውን መርፌ ማወቅ አለበት። ነግራችሁታል? በደብዳቤዎ ላይ አላየሁትም። ብልቃጡን ወይም ካርቶኑን ከመድኃኒት ቤቱ ጠይቃችሁ ውሰዱለት። የቆየ ሳል ወይም ማታ ማላብ ካለም ይነገረው፤ ስቴሮይድ የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳ ሊቀሰቅስ ይችላል።

ስኳራቸው ጉልበት ውስጥ ከተወጉ በኋላ ለተወሰኑ ቀናት ከፍ ይላል። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ይለኩ። ኪኒኑን ግን በራሳችሁ አትጨምሩ። ፊት ቢቀላ ወይም ጉልበቱ አንድ ሁለት ቀን ቢያም አትደንግጡ። ጉልበቱ ቀልቶ ካበጠ፣ ካቃጠለና ትኩሳት ካለው ግን መገጣጠሚያው መርቅዞ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ የመድኃኒቱን፣ የሐኪሙንና የምርመራውን ለየብቻ አስቀድመው ይጠይቁ። የማኅበረሰብ ጤና መድኅን አባል ከሆናችሁ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋችሁ ሂዱ። በአምስት ወር ለዚያ ለማይታወቅ መርፌ የከፈላችሁትንም ደምሩት።

እስከዚያው እናትዎ ቡና ሲያፈሉ በርጩማውን ትተው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ይቀመጡ። ተቀምጠው እግራቸውን ቀጥ አድርገው አምስት ሰከንድ ይያዙ፤ በእያንዳንዱ እግር አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በልኩ ይሞክሩ። የሚቀጥለው የመቀመጫ መርፌ ቀን ሳይደርስ ግን ሐኪማቸው ጋ ይሂዱ፤ ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቁ።