መልስ፦ ዘርማት ከአዲስ አበባ ትሞቃለች?

የስዊዘርላንዷ የተራራ ከተማ ዘርማት ከአዲስ አበባ ዝቅ ብላ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ትሞቃለች ወይ ብለው ለጠየቁት፦ በፍጹም አትሞቅም። ከፍታ ብቻውን አይወስንም፤ ከምድር ወገብ በጣም ስለራቀች በታኅሣሥና በጥር ፀሐይዋ ደካማ፣ ቀኑም አጭር ነው። በሐምሌ ቀን ላይ ሙቀቱ ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል፤ ሌሊት ግን ከ10 በታች ሊወርድ ስለሚችል ወፍራም ሹራብ ይያዙ።

እኔን ከሁሉም የሚደንቀኝ ድርቀቷ ነው። ከተማዋ በስዊዘርላንድ ቫሌ ክፍለ ግዛት፣ በማተርታል ሸለቆ ጫፍ ላይ ናት። ዙሪያዋን ከ4,000 ሜትር የሚበልጡ ተራሮች ከበዋታል፤ ማተርሆርን ብቻውን 4,478 ሜትር ነው። እርጥብ አየር ተራሮቹን ሲወጣ ዝናቡን በወዲያኛው ጎን ያራግፍና ወደ ሸለቆው ደርቆ ይወርዳል። ለዚህም ነው የቫሌ ገበሬዎች ከበረዶ ግግር የሚቀልጠውን ውኃ ለዘመናት በቦይ እየጠለፉ ማሳቸውን ያጠጡት። በረዶው ግን ሲመጣ አይጣል ነው፤ በጥር 2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መንገዱና ባቡሩ ተዘግቶ 13,000 ያህል ጎብኚዎች ከተማዋ ውስጥ ቀርተው ነበር።

መኪና ከተከራዩ አጠገቧ ባለችው ቴሽ መንደር አቁመው በባቡር ይግቡ፤ በነዳጅ የሚሄድ የግል መኪና ዘርማት አይገባም።